ጋሼ ግስና አንዱ ግሳቸው

ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቤት ሁሉ፣ ለማንም የማይጠቅም አንድ ነገር እስከ ሥሩ ድረስ የሚያውቅ አንድ ሰው አያጣም። ባቡር ጣቢያ ብትሄዱ፣ ድሮ የቀሩ ባቡሮች በስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር በቃሉ የሚያወርድ ትኬት ቆራጭ አለ። ማዘጋጃ ቤት ብትሄዱ፣ የማኅተም ቀለም ከምን እንደሚሠራ ሳያስረዳ ወረቀታችሁ ላይ ማኅተም የማያሳርፍ ጸሐፊ ይጠብቃችኋል። የነዚህ ሰዎች ጥፋት ማወቃቸው አይደለም። እናንተም እንድታውቁላቸው መፈለጋቸው ነው። ከእጃቸው የሚያወጣችሁ ጡረታ ብቻ ነው፤ እሱም የእነሱ ሳይሆን የእናንተ ጡረታ።

ለእኔ የደረሱኝ ጋሼ ግስ ናቸው።

እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ሌላ ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ግን የጡረታ ቅጽ ብቻ ነው። እኛ በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጋሼ ግስ እንላቸው ነበር። ከፊታቸው ጋሼ፣ ከኋላቸው ግስ። ቆይቶ ሁለቱ ተጣበቁና ፊት ለፊትም ስንላቸው ምንም አላሉም፤ እንዲያውም ማዕረግ የተሰጣቸው ያህል ሸሚዛቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሲራመዱ ቁልፋቸው የሚንሿሿ ሴት ነበሩ። ከፊት ለፊት ሱቁ አለ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ እዚያ ትቀመጣለች። ከሱቁ በስስ ጣውላ የተከፈለችው የኋላ ክፍል የጋሼ ግስ መንግሥት ናት። መስኮቷ እስከ ግማሽ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በመደርደሪያው ላይ ቡናማ ብልቃጦች ተሰልፈዋል፤ ጥጉ ላይ የእኔ ሁለት ገንዳዎች፣ መሃል ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የቆመ ሰዓት። ሰዓቱን እትዬ ሊያሠሩት ሲሉ ጋሼ ከልክለዋቸዋል። ለምን እንደከለከሉ ኋላ ትሰማላችሁ።

የገባሁ ቀን፣ እጄ ገና ሳሙና ውስጥ እያለ፣ አንድ የሐኪም ማዘዣ አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ከታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ አንዲት ፊደል ብቻዋን ቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ምን ትላለች?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ሚስኬ ነው የምትለው፣ ባጭሩ። ላቲን ነው። ሐኪሙ ‘ቀላቅል’ ብሎ አዟል።»

«እሺ።»

«እሺ ብሎ ማለፍ የለም። ማን ነው የሚቀላቅለው?»

«እርስዎ ነዎታ ጋሼ።»

«ደግ። እኔ ስቀላቅል ሚስኬዮ። አንተ ስትቀላቅል ሚስኬስ። እሱ ሲቀላቅል ሚስኬት። እኛ ሚስኬሙስ፣ እናንተ ሚስኬቲስ፣ እነሱ ሚስኬንት። በይ ተከተይኝ።»

«ጋሼ፣ የፈላው ውሃ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»

«ውሃ መልሶ ይፈላል። ይሄ ግን የአሁኑ ዘመን ብቻ ነው፤ ገና የነበር አለ፣ የወደፊት አለ፣ ያለቀ አለ።»

እውነትም ነበሩ። ለነበር ሚስኬባም፣ ሚስኬባስ፣ ሚስኬባት እያለ ይወርዳል። ለወደፊቱ ሚስኬቦ፣ ሚስኬቢስ፣ ሚስኬቢት። ላለቀው ሚስኩይ ብሎ ይጀምርና ሚስኩዬሩንት ላይ ያርፋል። አራት ዘመን፣ በየዘመኑ ስድስት ሰው፤ በድምሩ ሃያ አራት። ያን ቀን ሦስት ጠርሙስ ሰበርኩ። እሳቸው ግን የሰበርኩትን ሳይሆን የረሳሁትን ነው የቆጠሩብኝ።

ጋሼ ግስ ላቲን ይችላሉ ብለን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈራናቸው። እትዬ እንኳን ለደንበኛ «የእኛ ቀማሚ ሰባት ቋንቋ ነው የሚያውቁት» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ምላሷ የማያርፍላት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ደግሞ ‘በላ’ የሚለውን ያርቡልን» አለቻቸው። ብልቃጥ አነሡ፣ አስቀመጡ። ከዚያ በፍጹም ክብር፣ «እኔ የተቀጠርኩት ለመቀላቀል ነው» አሏት። ለካ ክቡርነታቸው የሚያውቁት አንድ ግስ ብቻ ኖሯል። በልጅነታቸው አንድ ሽማግሌ ቀማሚ ዘንድ ሲያገለግሉ የተማሩት ያንኑ ነው፤ ሽማግሌው ሁለተኛውን ሳያስተምሯቸው ሞቱ። ሰው ባለው ነው የሚኖር። እሳቸውም በአንዷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሊቅ ሆነው ኖሩባት።

ደግሞ ግሷ የማትገባበት ቦታ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄዱ። ዛሬስ ያርፋሉ፣ እኛም እናርፋለን ብለን ደስ አለን። በማግስቱ ጥርስ ሐኪሙ ጥጥ ሊገዛ መጣና ገና ከበሩ፣ «ሚስኬዮ፣ ሚስኬስ» ብሎ ሰላም አለን። «አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ ነው ያስተማሩኝ» አለ፤ «የቀረኝ ያለቀው ዘመን ብቻ ነው፤ እሱን ስመለስ እጨርስልሃለሁ ብለውኛል።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ያገባች ቀንማ አይነሣ። የመሥሪያ ቤቱ ታላቅ ናቸውና መርቁ ተባሉ። ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሽራው ለብቻው ሚስኬዮ ይላል። ሙሽሪትም ለብቻዋ ሚስኬዮ ትላለች። እንዲህ እስካሉ ድረስ ሰሙ ሰም ነው፣ ውሃውም ውሃ ነው። ሁለቱ ባንድ አፍ ሚስኬሙስ ያሉ ቀን ግን ቅባት ይወጣል» አሉ።

ሰው አጨበጨበ። የሙሽራው እናት አለቀሱ። እዚያ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ እስከ ዛሬ ይወራላቸው ነበር። አልተቀመጡም፤ ሦስት ዘመን ይቀራቸዋላ። የወደፊቱ መሃል ላይ ሲደርሱ የሙዚቃው ጓድ ሙዚቃውን ለቀቀባቸው፤ እሳቸው ደግሞ በሙዚቃው ምት ጨረሱ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ፣ አራት ልጅ ወልዳም፣ «ተመርቄ ሳላበቃ ነው የጨፈርኩት» ትላለች።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ። ለተሰነጠቀ እጅ፣ ለተቃጠለ ቆዳ የምንሠራው ነጭ ቅባት አለ፤ የመድኃኒት ቤቱ ስም የተነሣው በእሱ ነው። ሰሙንና ዘይቱን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በፈላ ውሃ ላይ ታቀልጡታላችሁ፤ ከእሳት አውርዳችሁ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ታደርጉበታላችሁ። ከቸኮላችሁ ይበጣጠሳል፤ ከዘገያችሁ ሰሙ ይቀድማችሁና ይደርቃል። ሌላው ቀማሚ ይሄን በሰዓት ይሠራዋል። ጋሼ ግስ በግስ ነበር የሚሠሩት። በአንድ ቃል አንድ ዙር ማማሰል። ነበር ላይ ሲደርሱ፣ ባም፣ ባስ፣ ባት እየተባለ እስከ ስድስተኛው ሰው፣ በየቃሉ አንድ ጠብታ። ሃያ አራቱ ሲያልቅ እንደገና ከሚስኬዮ። እንዲህ አሥራ ሁለት ጊዜ። ሰዓት የሚያሠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

እኛም ሳናውቀው ገባንበት። እትዬ ከሱቁ ሆነው «ደረሰ ወይ?» ሲሉ፣ «ገና ባምባስ ላይ ነን እትዬ» እንል ነበር። «አራተኛው ሩንት ላይ ደርሰናል» ከተባለ ደንበኛው ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ቢሰማን ምን ይል እንደነበር እንጃ። ቤቴ ስገባም አልለቀቀኝም። ዕቃ እያጠብኩ ስወርደው እናቴ ከበስተኋላዬ ቆማ ትሰማኛለች።

«አንቺ፣ ሚስኬባት ማነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ማንም አይደለም እማዬ፣ ግስ ነው።»

«ትናንት ደግሞ ሚስኬቢት ስትይ ነበር። እኔ አልጣላሽም ልጄ፤ ግን አንዱን ምረጪና ቤት አምጪው።»

ጋሼ ማማሰያውን ለእኔ መስጠት የጀመሩት በአምስተኛው ዓመት ነው። ሲቀላቅሉ የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ያዢልኝ፣ መነጽሬን ልጥረግ» ይሉኛል። መነጽር መጥረጉ መጀመሪያ አንድ ዙር ፈጀ፣ ኋላ ስድስት ዙር ፈጀ። ሁለታችንም ስለ እጁ አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ወደ ባንክ ሄደው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሠራሁ። ሲመለሱ ሳህኑ ውስጥ ያለው እንደ ተበላሸ ወተት ተበጣጥሶ፣ ውሃው ለብቻው ተለይቶ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩት። አልተቆጡም።

«ማንን ነው የተውሽው?» አሉኝ።

«ማንንም ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ።»

«እናንተን» አልኩ።

«አውቄያለሁ። ሰው ሁሉ የሚተወው እናንተን ነው። ለምን ተውሽ?»

«ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረማ ጋሼ። ብቻዬን ቆሜ ለማን ነው እናንተ የምለው? የተረፈውን ውሃ መጨረሻ ላይ ጨመርኩት።»

«ባንዴ?»

«ባንዴ።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው። «ሠላሳ ዓመት ስቀላቅል» አሉ ሳቃቸው ሲበርድላቸው፣ «ሰው የለም ብሎ ግስ የዘለለ አላየሁም።» ከዚያ ሳህኑን ራሳቸው አጠቡት። ገንዳዬ ላይ ቆመው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ።

እጁ ግን ተደብቆ አይኖርም። በዚያ ዓመት ክረምት ሲወጣ እትዬ የኋላ ክፍል ገቡ፣ ቁልፋቸውን በእጃቸው ጨብጠው። ቁልፉ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው።

«ጋሼ፣ በቃዎት» አሏቸው። «በዓመቱ መጨረሻ ጡረታዎ ነው። ፈቃድ ያለው ቀማሚ ከሌለኝ ይቺን ክፍል መክፈት አልችልም። ወይ ይቺ ልጅ ተፈትና ፈቃድ ታውጣ፣ ወይ እዘጋለሁ፤ ከፋብሪካ የታሸገ አመጣለሁ።» ወደኔ ዞሩ። «ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ፣ የታሸገ ከመጣ የሚታጠብ ጠርሙስም የለም።»

ነገሩ እንዲህ ቁርጥ ያለ ነበር። ካለፍኩ ቀማሚ ነኝ፤ ከወደቅኩ እናቴን ይዤ ሌላ ሥራ ፍለጋ ነው። ክፍሏም ታሸገች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ አላሳረፉኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ መጽሐፉን ታነብልኛለች፣ ስሙን፣ ልኩን፣ መርዙን ታስጠናኛለች፤ እሳቸው ግሱን። አውቶቡስ ላይ ከኋላዬ ወንበር ይቀመጡና «የወደፊቱ፣ እኛ» ይላሉ በሹክሹክታ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። «ሚስኬቢሙስ» እላለሁ አንገቴን ደፍቼ። አንዴ አንድ የማናውቀው ሰውዬ «ልክ ነች» ብሎ መሰከረልኝ።

የቃል ፈተናውን እንደምንም አለፍኩ። የቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ እሱ በገዛ ክፍላችን ውስጥ ሆነ። ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተላከችው ፈታኝ ቀጠን ያለች፣ አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጠለች ሴት ናት። የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አየችው፤ አንድ ነገር ጻፈች። ጋሼን አየቻቸው፤ ሌላ ነገር ጻፈች።

«አባት፣ እርስዎ ውጭ ይቆያሉ» አለች። ከዚያ ለእኔ፣ «እህቴ፣ ነጩን ቅባት ትሠሪያለሽ። ሰዓት መጠየቅ የለም። ድምፅ የለም። ከንፈር ማንቀሳቀስም ቢሆን አልፈቅድም፤ ባለፈው ወር አንዷ እየዘፈነች ሠርታ ሌሎቹን ሁሉ አሳሳተችብኝ።»

ጋሼ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔ ግን ልቤ አልወደቀም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ ያደረግኩት በጣውላው ነው። ጣውላው ስስ ነው። ጋሼ ግስ ደግሞ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ከጎናቸው ሰው አግኝተው፣ ሳያስተምሩ የዋሉበት ቀን የለም። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሳቸው እዚያ ማዶ ለአንዱ ምስኪን ያወርዱለታል፣ እኔ በእሳቸው እቀላቅላለሁ።

ሰሙ ቀለጠ። ከእሳት አወረድኩት። ማማሰያውን ያዝኩ። ጆሮዬን ወደ ጣውላው ጣልኩ።

ምንም የለም። የአንዲት ሴት ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቀ። መልስ የለም። እንደገና ጠየቀች። አሁንም ዝም። የሄዱ መሰለኝ። ሰሙ ጠርዙ ላይ መንጣት ጀመረ፤ ፈታኟ የሩጫ ሰዓቷን ተጫነችው።

ጀመርኩ። ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ በራሴ ድምፅ በሆዴ ልቆጥር ሞከርኩና ሁለተኛው ሰው ላይ ጠፋብኝ። ከዚያ በሌላ ድምፅ መጣ። በጋሼ ድምፅ። ነበርን ሊጀምሩ ሲሉ የሚያስሏት ሳል ሳትቀር፣ ከወደፊቱ በፊት አፍንጫቸውን የሚስቧት ሳትቀር። ባም፣ ጠብታ። ባስ፣ ጠብታ። እናንተ ጋ ስደርስ እንኳን አልዘለልኩም፤ እሳቸው በውስጤ ቆመው እንዴት እዘላለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሩንት ሲሉ ቆምኩ።

ፈታኟ ሳህኑን ገለበጠችው፤ ቅባቱ አልወደቀም። በጣቷ ነክታ የእጇ ጀርባ ላይ አሸችው። የሩጫ ሰዓቷን አየች፣ መጽሐፏን አየች፣ እኔን አየች።

«አሥራ አራት ደቂቃ። መጽሐፉም አሥራ አራት ነው የሚለው። እንዴት አወቅሽው?»

«በልምድ ነው» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ጋሼ ይጠሩ ነበር፤ ጋሼ ከተጠሩ ደግሞ ሴትየዋ ማታም ቤቷ አትገባ።

ፈረመች። እኔ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ጋሼ አልሄዱም። አግዳሚው ላይ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው እጇ የተሰነጣጠቀ ልብስ አጣቢ ሴት ማዘዣዋን ይዛ ግራ ገብቷታል።

«እህቴ፣ እኚህ አባት መናገር አይችሉም እንዴ?» አለችኝ። «ይቺ ከታች ያለችው ፊደል ምን ማለት ናት ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ክፉ ነገር ነው እንዴ የጻፈብኝ ሐኪሙ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፌዝ በቀር፣ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ያን ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም። እኛን ይዘው ነው ያስተማሩን፤ ጥርስ ሐኪሙን በሥራ ላይ፣ ሙሽሮቹን በወንበራቸው ላይ። የጠየቃቸው ሰው የመጣው ያን ቀን፣ ያቺን ሰዓት ነው። እሳቸው ደግሞ አንዲት ቃል ጣውላውን አልፋ ፈተናዬን እንዳታበላሽብኝ ብለው አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «አልፌያለሁ። ይንገሯት።»

ቀና ብለው አዩኝ። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ጊዜ። እኔን አላቀፉኝም፣ እንኳን ደስ ያለሽም አላሉኝም። ወደ ሴትየዋ ዞሩና፣ «እመቤቴ፣ ማን ነው የሚቀላቅለው?» አሏት።

በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጡ፤ አበባ ሰጠናቸው፤ ተሰናበቱ። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ወንበራቸውን ምድጃው አጠገብ አድርገው ሚስኬዮ ይላሉ። ቆይቶ እትዬ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማቀላቀያ ገዙ፤ ራሱ ያማስላል፣ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ይቆማል፣ ሲጨርስ ይጮኻል።

አንድ ቀን እትዬ ለብቻዬ ጠሩኝ። «እኚህ ሽማግሌ ክረምት ከበጋ ይመላለሳሉ» አሉኝ፤ «ቦታውም ጠባብ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ያልተቀጠረ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲገኝ አይፈቅድም። ለሥራው ካላስፈለጉ ልንገራቸው። አንቺ ነሽ ባለሙያዋ። ያስፈልጋሉ ወይስ አያስፈልጉም?»

ማቀላቀያው ከበስተኋላዬ ብቻውን ይዞራል። ከጎኑ ጋሼ፣ ማሽኑ ባይሰማቸውም፣ ባም ባስ ባት ይሉለታል።

«ያለ እሳቸው ቅባቱ አይወጣም እትዬ» አልኩ።

«በጽሑፍ ታደርጊልኛለሽ?»

አደረግኩላቸው። ቀማሚ ነኝና ፊርማዬ ዋጋ አለው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ቅጹ ሲመጣ እንደገና ፈረምኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። በመድኃኒት ነገር የዋሸሁት ያን ብቻ ነው።